የሳሊሀ ነጭ ዶሮ

ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር የምትኖረው ሳሊሀና ጓደኛዋ መኪያ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ፋርም ጎን ለጎን የዶሮ ቤት ተከራይተዋል። አምና የመኪያ ዶሮ በዶሮዎች የቁንጅና ውድድር አንደኛ ከወጣች ጀምሮ ሳሊሀ ሆዷ እንደተቃጠለ ነው። ዘንድሮ ነጯን ዶሮዋን ላባዋ እንዳይሰበር ብላ ለብቻዋ አስቀመጠቻት፤ ከሥሯ የሚነጠፈውንም ሰጋቱራ ቶሎ ቶሎ ትቀይርላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ መኪያ በዶሮ ቤቱ ሽቦ በኩል አየት አድርጋ፣ "ሳሊዬ፣ ኧረ እያወጣሽ እቀፊያት፤ ሰው ትልመድ" አለቻት።

"እሺ" አለች ሳሊሀ። በሆዷ ግን "ላባዋን እንዳበላሽልሽ ነው አይደል?" አለች። እስከ ውድድሩ ዋዜማ እጇን አላሳረፈችባትም።

ያን ቀን በሕፃን ሻምፑ አጠበቻት፣ በፀጉር ማድረቂያ አደረቀቻት፣ እግሯን ቫዝሊን ቀባቻት። በረዶ መሰለች።

በማግስቱ ዳኛው ብድግ ሲያደርጋት ዶሮዋ ጮኸች፣ ተወራጨች፣ እጁንም በአፏ ወጋችው። መለሳትና ወደ ሌላዋ አለፈ።

"እስቲ አምጫት" ብላ እጇ ዶሮ መያዝ የለመደው መኪያ ተቀብላ አቀፈቻት። ዶሮዋ ወዲያው ዝም አለች፤ ይባስ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ሳሊሀን ከመሸነፏም በላይ ያንገበገባት ይሄ ነው።

"በቃ ስጪኝ" አለቻት። "የኔ ናት።"