ዳንቴል የለበሰው ጌም

በሬዲዮ ጥገና ሱቃችን የብየዳ ካውያ ይዤ ስሠራ ያየኝ የዲላ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል እንጂ ዕቃውን አይሰጠኝም ነበር። ሬዲዮ የታቀፉ ወንዶች በሬ ላይ ቆመው «ባለሙያው የለም?» ይሉኛል። ባለሙያዋ እኔ ነኝ ስላቸው ስቀው ይሄዳሉ፤ እኔ ደሜ ይፈላል። ሱቋ የታላቅ ወንድሜ ናት። እሱም በመጨረሻ ሰለቸውና «እስከ ፋሲካ የሚያምንሽ ደንበኛ ካላገኘሽ ሱቁን ለልብስ ሰፊ አከራየዋለሁ፤ አንቺም ገደብ ከተማ እናታችን ጋ ትመለሻለሽ» አለኝ። ቀልዱን እንዳልሆነ ከፊቱ ገባኝ።

ያኔ የመጣልኝ የጌም ቤት ባለቤት ነው። አስፓልቱ ዳር ጊዜ ያለፈባቸው ባለ ሲዲ ጌሞች ደርድሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ኳስ ያጫውታል። የከተማው ወንድ ጠጋኞች ሞክረው አቅቷቸው ስለነበር እኔ ጋ የመጣው አማራጭ አጥቶ ነው። «ጾሙ ከገባ ወዲህ አንዱ ጌም ጠዋት ደህና ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ሥዕሉ ይደርቃል። ዓይኑን ሁለቴ አስቀይሬለታለሁ» አለኝ። ዓይን የሚለው ሲዲውን የምታነበውን ሌንስ ነው።

ፈታሁት፣ አቧራውን ጠረግሁ፣ የላላውን ብየዳ አጠበቅሁ። እኔ ጋ ቀኑን ሙሉ ሲጫወት ዋለ። ወስዶት በማግስቱ ተመልሶ መጣ። «አንቺ ጋ ይድናል፣ እኔ ጋ ይታመማል። ቡዳ በልቶት ይሆን እንዴ?» ብሎ አፌዘብኝ። እንደገና ፈተሽኩት፤ እንከን የለውም። ወይ ጉድ! ፋሲካም እየገሰገሰ ነው።

«በቃ ጋሼ፣ የሚታመምበትን ቤት ያሳዩኝ» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ጌሙ ደህና ይሠራል፤ ተማሪዎቹ እየተሰዳደቡ ጎል ያገባሉ። ትንሽ ቆይቶ የባለቤቱ እናት ጾሙ ከገባ ወዲህ እንደለመዱት ከቅዳሴ መልስ ገቡ። ብርዳሙ የቡሌ ደጋ ላይ ያደጉ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው በኪሮሽ የሠሩትን ነጭ ዳንቴል አወጡና ጌሙን ዙሪያውን አለበሱት። በኛ ዘንድ ቴሌቪዥንም ሆነ ሬዲዮ ዳንቴል ካልለበሰ ቤቱ ሴት የሌለበት ይመስላል፤ ስለዚህ ማንም ልብ አላለም። እኔ ግን መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሲደፈኑ አየሁ። ብዙም ሳይቆይ ሥዕሉ ድርቅ አለ። እጄን ብሰድ ይፋጃል!

በተማሪ ፊት እኚህን እናት ላሳፍር? ምን ቆርጦኝ! አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ሙያ ማለት ይህ ነው። ግን ጌሙ በሙቀት ታፈነብን» አልኩና እጃቸውን ወስጄ ላዩ ላይ አሳረፍኩት።

«ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ እንዳይበርደው ብዬ ነው» ብለው ራሳቸው ገፈፉት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ሳቁን የጀመሩትም እሳቸው ናቸው። ጌሙ ሲቀዘቅዝ ተነሣ፤ እስኪመሽም አልደረቀም።

ልጃቸው ግን «ይሄማ ጥገና አይደለም፣ ዳንቴል መግፈፍ ነው» ብሎ ቀለደ። ተማሪዎቹም አጀቡት። ወንድሜ ፊት ምን ይዤ ልቁም?

የፋሲካ ዋዜማ ወንድሜ መጣ። ቁልፉን ሰጥቼው መፍቻዎቼን ስሰበስብ እማማ በሬ ላይ ቆሙ። ያንኑ ዳንቴል የለበሰ ነገር ታቅፈዋል። ሲገልጡት አሮጌ ሬዲዮ ነው።

«የባለቤቴ ነው» አሉ። «እሱ ካረፈ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ያበላሹብኛል ብዬ ለማንም አልሰጠሁትም።» ከዚያ ወንድሜን ቀና ብለው አዩትና «ባለሙያዋ አለች?» አሉት።

ወንድሜ እኔን አየ፣ ሬዲዮውን አየ። ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ መልሶ አስቀመጠና «አለች፣ እማማ፤ ይግቡ» አላቸው።