በሩ ላይ የተጻፈው አራት

ልጅ ሳለሁ ከሸዋ ሮቢት ከተማ ትይዩ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ባለች መንደር እንኖር ነበር። ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ ማታ ማታ በየጎጆው ደጃፍ ኩበት ይጨስ ነበር። የሚጨሰው ለመዓዛው አይደለም፤ ትንኝ እንዳይበላን ነው። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ከትንኝ ይሻላል እያልን ዙሪያውን እንኮለኮላለን። ፍሙ ላይ የማሽላ እሸት ይጠበሳል፣ ከኋላችን የኩራዙ ብርሃን በበሩ በኩል ይወጣል፣ ከጣርማ በር ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና መብራት አንዳንዴ ከሩቅ ብልጭ ይልና ይጠፋል።

እማማ ዘሀራ የሚመጡት ያኔ ነው። የመንደራችን አዋላጅ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜን ይመርን፣ እኔን፣ አሊን፣ ሩቂያንና የመጨረሻውን ሐሰንን ከእናታችን ሆድ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። በመካከላችን ተወልደው የሞቱም ነበሩ፤ እነሱን ማንም አያነሳቸውም። እኔ ያወቅኋቸው በዕድሜያችን መካከል ካለው ክፍተት ነው። ከይመር እስከ እኔ አንድ ልጅ ይገባል፣ ከአሊ እስከ ሩቂያ ደግሞ አንድ፣ እንዲያውም ሁለት።

እማማ ዘሀራ የተጠበሰ እሸት በመዳፋቸው ይፈለፍሉና፣ አንድ ሁለት ፍሬ ወደ አፋቸው ጣል አድርገው፣ ቀሪውን ለሐሰን ይሰጡታል። ከዚያ ነው ተረቱ የሚጀመረው። ብዙ ተረት ያውቁ ነበር፤ እኔ ዛሬ ድረስ ሳይጎድል የቀረኝ ግን አንዱ ነው።

«ሞት ዓይን የለውም» ይሉ ነበር። «ዓይን ስለሌለው ማን ቤት ስንት ልጅ እንዳለ አያይም። በየደጁ ተቀምጦ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል እንጂ። አንዲት እናት ነበረች፣ ሰባት ልጆች ያሏት። አንድ ማታ እራት ስታቀርብ ልጅ የጎደለ መሰላትና ‹አንድ፣ ሁለት› ብላ እስከ ሰባት ቆጠረች። ሞት ከደጅ ሰማ። ‹ከሰባት አንድ ቢጎድል ምን ትሆናለች› አለና አንዱን ይዞ ሄደ። በማግስቱ ማን እንደጎደለ ልታይ ደግማ ቆጠረች። ስድስት። ‹ከስድስትስ አንድ ቢጎድል?› አለ።»

እንዲህ እየቆጠረች፣ በቆጠረች ቁጥር እየጎደለባት፣ በመጨረሻ የምትቆጥረው አጣች። ጎረቤቷ ግን ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት «አንድ ሁለት» ብላ ስለምታልፍ፣ ሞት ይቺስ ምን አላት ብሎ አልፏት ሄደ። ሐሰን ብዙ ጊዜ እዚህ ሳይደርስ ጀርባዬ ላይ ይተኛል። እኔ ግን የወሬው ማለቂያ ሲደርስ ከጭሱ ወዲያ ያለውን ጨለማ አይቼ እሸማቀቅ ነበር።

ተረት ብቻ አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ እንዲያ ነበር። አባቴ ከብቶቹን ሲያስገባ ዳለቻዋ ገባች፣ ቡሬው ገባ እያለ በመልካቸው ያውቃቸዋል እንጂ አይቆጥራቸውም። እናቴም ስንት ልጅ አለሽ ስትባል «አንድ ሁለቱን አላህ ሰጥቶኛል» ነው መልሷ። እኔ ከቤታችን ትምህርት ቤት የገባሁ የመጀመሪያዋ ነበርኩ። ያስገባኝም ብልህነቴ አይደለም፤ ማማ ላይ ወጥቼ ወፍ ስጠብቅ ወንጭፌ ከወፍ ይልቅ የሰው ጎጆ ስለሚመታ አባቴ ተስፋ ቆርጦ ነው። እዚያ ቁጥር ስማርም ባቄላ እቆጥር ነበር እንጂ ሰው ቆጥሬ አላውቅም።

ማማውን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አገር ማሽላ ማፍራት ሲጀምር ግሪሳ የሚባለው ወፍ እንደ ደመና ይወርዳል። ልጅ ያለው ልጆቹን በየማማው ሰቅሎ እያስጮኸ ያተርፋል። ጎረቤታችን ጋሼ አደም አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ግሪሳ በበረታበት ዓመት ከማሳቸው የገባላቸው አገዳ ነው። አባቴ ያን አይቶ «አንዱ ለማማ፣ አንዱ ለከብት፣ አንዱ ለውኃ፤ የቀረውን ደግሞ ወባ ያውቃል» ይል ነበር፣ በቀልድ አስመስሎ። እናቴ በዚህ ቀልድ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

አንድ ማታ ተረቱ ካለቀ በኋላ፣ የተኛሁ መስሏቸው፣ እናቴ ሐሰንን እቅፍ አድርጋ እማማ ዘሀራን ስታዋያቸው ሰማሁ።

«እማማ፣ ደከመኝ። ይሄ ቢያድግልኝ ይበቃኝ ነበር። ወላሂ ይበቃኝ ነበር።»

«ምን ነካሽ? የሚያልፈው ሲያልፍ ማን ይተካልሻል? ስታረጂ ማን ይጦርሻል፣ ማን ይቀብርሻል?»

«ይሄ ካደገልኝ እነዚህ ይቀብሩኛል» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከመውለድ የሚያሳርፍ መድኃኒት ያውቃሉ ይባላል።»

እማማ ዘሀራ ኩበቱን በእንጨት ቆሰቆሱ። «መጀመሪያ እሱ ሦስት ክረምት ይለፍ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ሐሰን ያኔ ሁለቱን ክረምት አልፏል። ሦስተኛው ገብቶ ሊወጣ ነበር። ልጁ ክብ ፊት ያለው፣ ሰው ባየ ቁጥር የሚስቅ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከወንዙ መውረጃ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ እሱ ነው፤ ደብተሬን እሱ ካልያዘው ያለቅሳል። ከእህት ወንድሞቼ ሁሉ የምወደው እሱን ነበር፤ ይህንንም ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈልግም ነበር።

መስከረም ላይ ትኩሳቱ መንደሩን መታው። በዚያ ሰሞን የወባ ሠራተኞች ወንዙን ተሻግረው መጡ። ወደ እኛ ቤት የመጣው ካኪ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ላቡ ፊቱን ያጠበው የደጋ ልጅ ነበር፤ ባንድ እጁ መዝገብ፣ ባንዱ የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ይዟል። አባቴ ማሳ ነበር። ይመር፣ አሊና ሩቂያ ደጅ ናቸው፤ ሐሰን ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቷል።

«እናቴ፣ ስንት ልጅ አለዎት?» አላት።

«አንድ ሁለቱን አላህ ሰጥቶኛል።»

«አንድ ነው ሁለት? ክኒኑ በቁጥር ነው የሚሰጠው።»

እናቴ መሬት መሬት አየች። ሠራተኛው ተነፈሰና ወደ እኔ ዞረ፤ ደብተር ይዤ ነበር። «አንቺ ተማሪ ነሽ አይደል? ስንት ናችሁ?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። አትናገሪ አላለችኝም፤ ማለትም አያስፈልጋትም ነበር። እኔ ያኔ የታየኝ ደጃፉ ላይ ጆሮውን ጥሎ የተቀመጠው ነው። ከአምስቱ አንዱን መሰወር እንዳለብኝ አወቅሁ፤ ማንን እንደምሰውር ደግሞ ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም።

«አራት ነን» አልኩ።

በሳንቃው በር ላይ በቀይ ቀለም አራት ቁጥርን ጻፈ። ከዚያ እኛን አራታችንንና እናታችንን ሰልፍ አስይዞ፣ ውኃ በጣሳ እያቀበለ፣ ዓይኑ እያየ አስዋጠን። ክኒኑ ሬት ነበር። እናንተ ቤት ሌላ ሰው የለም? ብሎ ደግሞ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም። ሲሄድ እናቴ ራሴን ዳሰሰችኝ። «የኔ ብልህ» አለችኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብላኝ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ከኔ በላይ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሐሰን በዚያ ቆላ ሙቀት ብርድ ብርድ አለው። አባቴ መጀመሪያ አልደነገጠም። «ክኒኑን ውጧል አይደል፣ ይተወዋል» እያለ ሁለት ቀን አሳለፈ። እናቴ ዝም አለች። እኔም እናቴን እያየሁ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ስሜን መጥራት ሲያቅተው አባቴን ከበረት ጠርቼ ነገርኩት።

«አልዋጠም፣ አባ። አልቆጠርነውም።»

አባቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እናቴን አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሐሰንን በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ከተማው ክሊኒክ ሮጠ። ደጋው ሌሊቱን ዘንቦ ኖሮ ሮቢ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ልጁን ታቅፎ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ውኃው ጎደለ፤ አባቴ ግን መሻገሩን ትቶ ወደ ቤት ተመለሰ። ከሩቅ አካሄዱን አይተን አወቅን።

ከቀብር በኋላ እማማ ዘሀራ ማታ ማታ መምጣታቸውን አልተዉም። እሸት እየፈለፈሉ ይቀመጣሉ፤ የሚሰጡት ሰው ሲያጡ ለአሊ ይሰጡታል። ያንን ተረት ግን ዳግመኛ ከአፋቸው አልሰማሁትም። አንድ ቀን ብቻዬን ሲያገኙኝ «ለኔም እናቴ ናት ያወራችልኝ» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። «ልጅ እንዲተርፍልን ብለን ነበር።» እሳቸው ራሳቸው የወለዱት ስንት እንደነበር አላውቅም፤ በሕይወት የቀረላቸው ግን አልነበረም።

የበሩ ቁጥር እዚያው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከወንዙ መውረጃ ላይ የሚጠብቀኝ የለም፤ ከሩቅ የሚታየኝ ያ ቀይ አራት ነው። ስናገረው ውሸት ነበር፤ አሁን እውነት ሆነ። አንድ ቀን እናቴ «ምን ይላል?» አለችኝ። ነገርኳት። አመድና ጠጠር ይዛ ጣቶቿ እስኪላጡ ፈተገችው። ቀለሙ ሳንቃው ውስጥ ገብቶ ስለነበር ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም።

ያን የሚያሳርፍ መድኃኒት ለመጠየቅ ወደ እማማ ዘሀራ አልሄደችም። በሚቀጥለው ክረምት ወለደች፤ ወንድ ነበር፤ አባቴ ምትኬ ብሎ ስም አወጣለት።

«አላህ ተካልሽ» አሏት እማማ ዘሀራ ልጁን እያቀበሏት።

«ሰው አይተካም፣ እማማ» አለች። ከምትኬ በኋላም ሁለት ወለደች፤ አንዷን ቀበርናት። ድካሟን በጆሮዬ ስለሰማሁ፣ ሆዷ በገፋ ቁጥር ከፊቷ እሸሽ ነበር። ሐሰን ሦስተኛውን ክረምት ቢያልፍ ኖሮ እናቴ ልታርፍ ነበር። ምትኬን አዝዬ ሳሳድግ እወደው ነበር፤ ግን የሱ መወለድ ከኔ አፍ በወጣ ቃል የመጣ መሆኑን አንድም ቀን አልረሳሁትም።

ምትኬ በተወለደ መስከረም የወባ ሠራተኞች ተመለሱ። የመጣው ሌላ ሰው ነበር። ጥያቄው ግን ያው ነው። እኔ ከበሩ ኋላ ሸሸሁ። እናቴ ምትኬን እንዳቀፈች ወጣችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ በጣቷ እየቆጠረች ጠራችን። «ይመር፣ አንድ። ከድጃ፣ ሁለት። አሊ፣ ሦስት። ሩቂያ፣ አራት። ሐሰን፣ አምስት። ምትኬ፣ ስድስት።»

ሰውየው ጻፈ። ሁላችንንም አስዋጠን፤ የምትኬንም ድርሻ ከፍሎ በማንኪያ አሟሟ። አንድ ቀረው። «አምስተኛው የት አለ?» አለ።

«ቅርብ ነው። እኔ እወስድለታለሁ» አለችና እጇን ዘረጋች። የሚያዳርሰው ቤት ብዙ ስለነበር አልተከራከራትም።

ተከተልኳት። ከመንደሩ ጫፍ ቁርቁራው ዛፍ ሥር፣ ትንሿ የድንጋይ ክምር አጠገብ ተንበረከከች። አፈሩን በጣቷ ማሰችና ክኒኑን አስቀምጣ መልሳ ደፈነችው። ከኋላዋ መቆሜን ታውቅ ነበር። ዞር ሳትል «ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ልጄ» አለችኝ። ይህን ለመስማት ዓመት ሙሉ ጠብቄ ነበር፤ ስሰማው ግን አላመንኳትም። አሁንም አላምናትም።

ነርስ ሆኜ ዘመኔን በጤና ጣቢያ ጨረስኩ። አንድ ጊዜ ስልጠና ላይ አንድ ወጣት ባለሙያ የቆላ ሰው ብዙ የሚወልደው ባለማወቅ ነው ብሎ ሲያስተምር ተቀምጬ ሰማሁት። እናቴ የምትፈልገውን በደንብ ታውቅ ነበር፤ የጎደላት አንድ ልጅ የሚያተርፍላት ነገር ነው። እኔ የወለድኩት ሁለት ነው። ሦስተኛ ያልወለድኩት ከእናቴ በልጬ አይደለም፤ ሁለቱም ስላደጉልኝ፣ የምተካው ስላልነበረኝ ነው።

ከያኔው ማታ ከኔ ጋር የቀረው የኩበቱ ጭስና ያ ተረት ነው። መዝገብ ይዤ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ፊቴ የተቀመጠችውን እናት ስንት ልጅ አለሽ ብዬ «አራት» ያለችኝ እንደሆነ ቶሎ አልጽፍም ነበር። ብዕሬን አስቀምጬ፣ ወንበሬን ጠጋ አድርጌ፣ ደጅ የተቀመጠ ካለ እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እጠይቃታለሁ፤ «ያልቆጠርሽውስ የቱ ነው?»