ዱላዬ ላይ ያሉት ቁጥሮች

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት... ሱሉልታ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ቆሜ የዱላዎቼን ቁመት እያስተካከልኩ ነበር።

ጉልበቴን ካመመኝ በኋላ የገዛኋቸው ሁለት የእግር ጉዞ ዱላዎች ናቸው፤ ተስበው የሚረዝሙ፣ ተገፍተው የሚያጥሩ። ያዘዘችልኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አጠቃቀሙን በደንብ አስተምራኛለች። ሜዳ ላይ ክርኔ ዘጠና ዲግሪ እስኪታጠፍ። ዳገት ላይ አጠር፣ ቁልቁለት ላይ ረዘም። እጅ በማንጠልጠያው ውስጥ ከታች ወደ ላይ ይገባል። የግራ እግር ከቀኝ ዱላ ጋር፣ የቀኝ እግር ከግራ ዱላ ጋር። አካሄዱ እንዳይጠፋብኝ ደግሞ እንድቆጥር ነገረችኝ።

እኔ የተነገረኝን የማደርግ ሰው ነኝ። ጎንበስ ብዬ ዱላው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበብኩ። «መቶ ሃያ አምስት» አልኩ፣ ለራሴ። ስለምረሳው ስልኬ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ እየቆጠርኩ ወረድኩ... እየተከልኩ፣ እየነቀልኩ።

ታች አንድ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቁኛል። ከኋላቸው ማገሩ የታሰረ፣ ቆርቆሮው የተመታ፣ ጭቃ ግን ያልነካው ቤት አለ። በእንጨቶቹ መካከል ማዶ ያለው ሜዳ ይታያል።

«አካም ቡልተን?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ። የማውቀውን ያህል መለስኩ። ወደ አማርኛ ሲዞሩ አንቱ አሉኝ። እኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እሳቸው ሰባን ያለፉ ይመስላሉ። አንድ ነገር እንደተበላሸ የገባኝ ያኔ ነው።

ኦቦ ለሜሳ ይባላሉ። ቤቱን የሚሠሩት ለልጃቸው ነው፤ ባሏ ሞቶባት ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደሳቸው ተመልሳለች። ዓምና ቦታው ይለካል፣ መንገድ ያልፍበታል የሚል ወሬ መጣና ምርጊቱን አቆሙ። የሚፈርስ ቤት ማን ይመርጋል? ልጅቷ ያለፈውን ክረምት በየዘመዱ ቤት አሳለፈችው። አሁን ሌላ ክረምት እየመጣ ነው። ዓመት ሙሉ ቀያሽ ሲጠብቁ ኖረዋል... ይኸው ዱላ የሚተክል፣ ቁጥር የሚያነብ፣ ስልኩ ላይ የሚጽፍ ሰው ከአፋፉ ወረደላቸው።

ቀያሽ እንዳልሆንኩ ነገርኳቸው። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደምሠራ፣ ጉልበቴን እንደሚያመኝ። ሱሪዬን ሰብስቤ ጉልበቴን አሳየኋቸው። በአክብሮት አዩት። ጉልበት ነው።

«ጉልበቱን ተዉት» አሉኝ። «አንድ ቃል ብቻ ንገሩኝ። ልኬቱ እኔ ጋ ይደርሳል፣ አይደርስም?»

አላውቅም አልኩ። ሁለት ጊዜ። አላውቅም ባልኩ ቁጥር ፊታቸው «ይደርሳል» የተባለ ሰው ፊት ይሆናል። ከቢሮ የመጣ ሰው አላውቅም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ሰማዩ ጠቁሯል። ታክሲ የምይዝበት ሩቅ ነው። እሳቸው ደግሞ ከመንገዱ ላይ ንቅንቅ አላሉም።

«አይደርስም» አልኩ።

ኮፍያቸውን አወለቁ። መንገዱን ለቀቁልኝ። ምርቃታቸው አጥሩን እስክታጠፍ ድረስ ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር።

ለምን እንዳልኩት ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ከረምኩ። አዝኜላቸው ነው፣ ወይስ ለመገላገል... ለመገላገል ይመስለኛል።

ትናንት ላርመው ተመልሼ ሄድኩ። ዱላዎቹን ትቻቸው ልሄድ ነበር፤ ግን ቁልቁለቱን ፈራሁት።

ከአፋፉ ሳይ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጎረቤቱ በደቦ ወጥቶ ጭድ የገባበትን ጭቃ በእግሩ ያቦካል። የፊት ለፊቱ ግድግዳ አልቋል፤ ገና እርጥብ ነው። ልጃቸው እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና የጎኑን ትመርጋለች። ኦቦ ለሜሳ ሲያዩኝ ወደ ሰዎቹ ዞሩና «ያልኳችሁ እሳቸው ናቸው» አሏቸው። ሁሉም ሥራውን አቆመ።

እዚያው፣ ሁሉም ፊት፣ ተናገርኩ። ቀያሽ እንዳልሆንኩ። ማንም እንዳልላከኝ። ልኬቱ ይድረስ አይድረስ እንደማላውቅ፣ ያን ቀን ያልኩትም ዝም ብሎ ከአፌ የወጣ እንደሆነ። የልጅቷ እጅ ግድግዳው ላይ እንዳለ ቀረ። የቀረውን የእንጨት ክፍተት አየች፣ ከዚያ አባቷን።

ኦቦ ለሜሳ ፈገግ አሉ። እኔ ሰው ፊት እንዲህ ማለት እንዳለብኝ፣ ያለዚያ ከሥራዬ እንደምባረር በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዱልኝ። ለኔ ሳይሆን ለነሱ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሌላ ጭቃ ዘገነች።

ልሄድ ስል አንዲት ጎረቤታቸው ከጭቃው ወጥታ አጥሩ ጋ ደረሰችብኝ። ከታች ያለው፣ እንዲሁ እንጨቱ ብቻ የቆመው ቤት የሷ ነው።

«የኛስ ጌታዬ?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አላውቅም። እውነቴን ነው፣ እኔ ቀያሽ አይደለሁም።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ፊቷ ሁሉ በራ።

«ለኦቦ ለሜሳም ያሉት ይሄንኑ ነው፤ እሱን ነው መስማት የፈለግኩት» አለች። ወደ ግቢው ዞር ብላም የሚተርፈው ጭቃ እንዳይደፋ፣ እሷ እንደምትፈልገው ተናገረች።

ዋሽቼ አንድ ቤት አስመረግኩ... እውነቱን ተናግሬ ደግሞ ሁለተኛውን።