መጽሐፉ ስለ ፀጉሯ አይናገርም

የእስር ክፍሉ በር ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውን ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። የአሶሳ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርድበታለች። አጠገቡ ያለው የማንጎ ዛፍ ፍሬ በጣለ ቁጥር ቆርቆሮው እንደ ጥይት ይጮሃል፤ ሁላችንም ብድግ እንላለን። ከዚያ እንስቃለን።

ጥፋቴን የነገሩኝ ከገባሁ በኋላ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ለተፈናቀሉ ሰዎች ልብስና ዱቄት ሰብስበን ነበር። መርማሪው ግን ዱቄቱ ጫካ ላሉት ታጣቂዎች ነው የሄደው አለ።

«የላከችው ጓደኛሽ ናት በይ፤ ነገ ጠዋት፣ ካሜራ ፊት። ትንሽ ብታለቅሺ ደግሞ ጥሩ ነው። ማታ ቤትሽ ታድሪያለሽ።»

ጓደኛዬ ገና አልተያዘችም።

ወደ ክፍሉ ተመልሼ ለማንም አልተናገርኩም። መቀመጥ አቃተኝ። ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ የሰው እግር እረግጣለሁ።

«ልጄ፣ ቁጭ በል!» አለችኝ ከመንጌ የመጣችው ሴትዮ። ወርቅ አጣቢ ናት፤ የእናቷ ቋንቋ በርታ ነው፣ በአማርኛዋ ሴትም ወንድም አንድ ናቸው። «ታሪክ ንገረን።»

ተማሪ ሳለሁ ደጋግሜ ያነበብኩትን ልብ ወለድ ጀመርኩላቸው። ወንድሟን አሳልፋ እንድትሰጥ የታሰረች ሴት ታሪክ ነው። መሃሉ ላይ እንኳ ሳልደርስ አቋረጠችኝ።

«ይሄን አውቃለሁ! ፊልም ነው። ቪዲዮ ቤት አይቻለሁ።»

«ፊልሙን ከመጽሐፉ ነው የሠሩት፣ እትዬ።»

«መጨረሻ ላይ ሴትየዋ አለቀሰ። ወንድሙ ያለበትን ተናገረ። በር ተከፈተ። ወንድሙም ይቅር አለ። ኻላስ፣ አለቀ።»

«ውሸት! መጽሐፉ ላይ አንዲት ቃል አትተነፍስም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያልቃል።»

«ወጣ?»

«አይታወቅም።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ። «ወላሂ መጽሐፍህ መጥፎ ነው» አለች። «በሰው ላይ በር ዘግቶ ይሄዳል?»

ተናደድኩ። ፊልም ሰነፍ ነው አልኳት። ሰው በሆዱ የያዘውን ማሳየት ሲያቅተው ያስለቅሰዋል። «ደግሞ ከተናገረች በኋላ ይቅር የሚል ወንድም ይተርፋል? ይገድሉታል እኮ!»

ያኔ ነው የካሜራውን ነገር ያወጣሁት።

ማንም አልሳቀም። ሴትዮዋ፣ «ካሜራ ሆድ አያይም» አለች። «ፊት ነው የሚያየው። ና፣ ተቀመጥ።»

ጉልበቷ መሃል አስቀመጠችኝ። ማበጠሪያ አልነበረንም፤ በጣቶቿ ፀጉሬን ለያየችው። ምሳ ከበላንበት ሳህን ጠርዝ ላይ የቀረውን ዘይት ጠርጋ ቀባችኝ። ሹሩባው ሲጠብቅ እንባዬ መጣ።

«አሁን አልቅስ» አለችኝ። «ነገ ማልቀስ የለም።»

ጠዋት መርማሪው ሲያየኝ ፊቱ ጠቆረ። «ሰርግ አለብሽ እንዴ? ፍቺው!»

«ጠብቋል፤ አይፈታም።»

ካሜራው ተከፈተ። ስሜን ተናገርኩ። ዱቄቱ ለተፈናቀሉ ሰዎች ነው አልኩ። የቀረውን ሲጠይቀኝ ካሜራውን እያየሁ ዝም አልኩ። ውጭ ማንጎ ወደቀ፤ ቆርቆሮው ጮኸ። ንቅንቅ አላልኩም። በመጨረሻ ካሜራ የያዘው ሰው፣ «ይሄ ለምንም አይሆንም» ብሎ አጠፋው።

ማታ ቤቴ አላደርኩም። ክረምቱ እዚያው ገባብኝ። ጓደኛዬን ግን አላገኟትም።

ከተፈታሁ በኋላ፣ በቅርቡ፣ ፊልሙን በስልኬ አየሁት። ሴትየዋ ፀጉሯን በትና ታለቅሳለች፤ ሙዚቃው ይጮሃል። አለቀስኩ፣ ምን ልዋሽ። የመንጌዋ ሴትዮ ብትሰማ እንዴት በሳቀችብኝ! የት እንዳለች አላውቅም።

ከዚያ መጽሐፉን አውጥቼ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩ። ስለ ሴትየዋ ፀጉር አንድም ቃል የለም። ለእኔ ግን ሹሩባ ተሠርታ ነው የምትታየኝ። ጥብቅ ያለ ሹሩባ፣ ዘይት የተቀባ።