ሌባሻይዋ ድመት

ጥቁር ድመት ገደ ቢስ ናት ይላሉ። ውሸት ነው። ውቤ በረሃ ሳለን የባለቤቴ የጋብቻ ቀለበት ጠፋና ሠራተኛችን ተጠረጠረች። ልጅቷ እያለቀሰች ልብሷን ስትሸክፍ፣ ሰፈሩ ጠንቋይ የሚላቸው አሮጊት ጎረቤታችን ጥቁር ድመታቸውን አቅፈው መጡ።

«እንደ ድሮው ሌባሻይ፣ ሌባውን እሷ ታሳያችሁ» ብለው ለቀቋት።

ድመቷ በቀጥታ ጓዳ ገብታ ከገመዱ ላይ ቋንጣ ጎትታ ጣለች። ቀለበቱ አንዱ ዝልዝል ላይ ተሰክቷል። ለካ ባለቤቴ ሥጋውን በበርበሬ ስታሽ ከጣቷ ወልቆ ኖሯል።

«እማማ፣ መንፈስ ነው የነገራት?» አልኳቸው።

«የምን መንፈስ? የእኔንም ቋንጣ የጨረሰችው እሷው ናት።»

ልጅቷ ይቅርታችንን ተቀብላ ቀረች፤ ዛሬ ልጆቼ ከእኔ ይልቅ እሷን ይሰማሉ። ለአሮጊቷም ለድመቷም ዕድሜ ይስጥልኝ። እናንተም ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ጓዳችሁን ፈትሹ።