ስቆጥራት ያለቀችው ከተማ

ትናንት ከሰዓት ልጄ ደወለችልኝ። ከአዲስ አበባ ልትለቅ ነው። «አባዬ፣ የትኛው ከተማ እንደምገባ እያጠናሁ ነው። የአየር ንብረቱን፣ የሕዝቡን ዕድገት...» ስትል ሳቄ አመለጠኝ። ተቀየመችኝ።

ምን ላድርግ! ይሄን ጥናት እኔ በደርግ ጊዜ አጥንቼዋለሁ። አጥንቼም አንድ ከተማ ሙሉ ሰው አስደንብሬያለሁ።

ጅማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትዛወራለህ ተባልኩና ምርጫ ተሰጠኝ... ቴፒ ወይም ሚዛን ተፈሪ። ባለቤቴ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ስድስት ወሯ ነው። እሷ ምርጫ አልሰጠችኝም።

«ወባ ያለበት አገር አልወልድም። ሰው የሌለበትም አገር አልወልድም» አለች። «ወባ የሌለበት፣ ሰው ያለበት ቦታ ካላገኘህ እናቴ ቤት እገባለሁ፣ አንተ ብቻህን ሂድ።»

እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። እናቷ ከመጀመሪያውም አልወደዱኝም፤ አንዴ እጃቸው ከገባች መልሰው እንደማይሰጡኝ አውቃለሁ። ስለዚህ በጥር ዕረፍት ደብተርና እርሳስ ይዤ ሁለቱን ከተሞች ላጠና ወጣሁ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ እኮ! ይሄን ያላጠናሁ ምን ላጠና ነው?

ቴፒ ብዙ አላለፋችኝም። ያደርኩበት ቤት ባለቤት ስለ ወባ ስጠይቃቸው «ኧረ ወባስ አሁን ቀንሷል» አሉኝ... በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንበው እየተንቀጠቀጡ። ደብተሬ ላይ «ቴፒ፦ ይቅርብኝ» ብዬ ጽፌ ወደ ሚዛን አለፍኩ።

ሚዛን ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። አንዲት ጠብታ ዝናብ አልወረደም። «ደረቅ፣ ነፋሻ፣ ተስማሚ» ብዬ ጻፍኩ። የቀረኝ ሕዝቡ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ካኪ ኮቴን ለብሼ፣ ደብተሬን ይዤ ኳስ ሜዳው ዳር ቆምኩ። ሜዳው በጎረምሳ ተሞልቷል። በእርሳሴ እየጠቆምኩ ቆጠርኳቸው... አርባ ሦስት። ከዚያ ቤት ለቤት እየዞርኩ «እዚህ ቤት ስንት ወንድ ልጅ አለ? ዕድሜያቸውስ?» እያልኩ ጠየቅኩ።

አንዷ ሴትዮ ቁርጥ እሷን የሚመስሉ ሦስት ጎረምሶች ከኋላዋ ቆመው «እኔ? እኔ መካን ነኝ» አለችኝ። እኔ ሞኙ አዘንኩላት።

በማግስቱ ሜዳው ላይ አሥራ አንድ ልጅ ብቻ አገኘሁ። በሦስተኛው ቀን ሰውም የለም፣ ኳስም የለም። አንዲት ፍየል ብቻዋን መሃል ሜዳ ትግጣለች። ቁጭ ብዬ ግራፍ ሠራሁ። መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ አካሄድ ከተማዋ የካቲትን አታይም!

ልቤ ተሰበረ። ከተማዋን ወድጃት ነበር። ባለቤቴን በአየር ንብረቱ አሸንፌ በሕዝቡ ልሸነፍ ነው።

ሻይ የምጠጣው እትዬ ብርቄ ቤት ነበር። ከወልቂጤ መጥተው ሚዛን የከተሙ ሴትዮ ናቸው። «እትዬ፣ ወጣቱ ምን ነካው? በሽታ ገባ እንዴ?» አልኳቸው።

ግራ ቀኝ አይተው «በሽታውስ አንተ ነህ» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳልጠይቅ የቀበሌ ጥበቃ መጥቶ ሊቀመንበሩ ይፈልጉሃል አለኝ። ሊቀመንበሩ የአገሩ ሰው፣ ቤንች ናቸው። በሩን ዘግተው አስቀመጡኝ።

«ጓድ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ስንት ልጅ ትወስዳለህ? ለኔ ደብዳቤ ለምን አልመጣም?»

«ውትድርና?! እኔ እኮ... ሚስቴ አርግዛብኝ ነው!»

ደብተሬን ተቀብለው አገላበጡ። «ነፋሻ» የሚለውን አነበቡ። ግራፉን ዘቅዝቀውም አቃንተውም አዩት። ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ልጆቹ በሙሉ ቡና ጫካ ውስጥ ገብቷል» አሉኝ። «የኔም ልጅ ገጠር፣ ሸዋ ቤንች ሄዷል። ይሄን እኔ አልነገርኩህም። አሁን አንተ ሂድ፣ ከተማው ይሙላ።»

ጅማ ተመልሼ ለባለቤቴ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ሆዷን ይዛ ትንሽ አሰበችና «በሁለት ቀን ልጁን ሁሉ ደብቆ የሚጨርስ ሕዝብ ካለ፣ እኔ እዚያ ነው የምወልደው» አለች።

ሚዛን ገባን። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ረፋዱን ምጧ መጣ። «ደረቅ» ያልኩት ሰማይ አምስት ቀን ሙሉ አላባራም ነበር። አጠገባችን አማን ከተማ ካለው ሐኪም ቤት የሚያደርሰው መንገድ ጭቃ ብቻ ሆኖ መኪና አያሳልፍም። እኔ ደጃፍ ላይ ደርቄ ቀረሁ። የጮሁት እትዬ ብርቄ ናቸው።

ወዲያው ከየቤቱ ጎረምሳው ወጣ። ቃሬዛ አመጡ፣ ላስቲክ አለበሷት፣ ብድግ አደረጓት። ከመካኗ ሴትዮ ቤት ብቻ ሦስት ወጡ!

እየተፈራረቁ ተሸከሟት። ጭቃው ጉልበታቸው ድረስ ነው። እኔ ጃንጥላ ይዤ ከኋላ እሮጣለሁ፤ አልዋሽም፣ አለቅስ ነበር። ከፊት የያዘው ጎረምሳ አንገቱን አዙሮ አየኝና...

«መምህር፣ በሉ እንግዲህ አሁን ቁጠሩን!»

በደህና ደረስን። ያን ቀን የተወለደችው ይቺው ትናንት የተቀየመችኝ ናት።

«ጥናትሽን ቀጥዪ» አልኳት። «ግን ከመወሰንሽ በፊት መንገድ መሃል 'ወገቤን!' ብለሽ ውደቂና ስንት ሰው እንደሚያነሳሽ ቁጠሪ።»

ጃንጥላ የያዘውን እንዳትቆጥሪ ብቻ።