አሥራ ዘጠኝ ጥይት ይቀርዎታል

የቤንዚን ዋጋ ጣሪያ በነካበት ሰመር፣ ቴክሳስ ኧርቪንግ ከተማ ውስጥ እንግዳ ከኤርፖርት የሚያመላልስ የሆቴል ሻትል እነዳ ነበር። በፈረቃዬ ሌላው ሐበሻ ወደ ስልሳ የተጠጉ፣ በቀድሞው ጦር አልሞ ተኳሽ የነበሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ሃምሳ አለቃ እንላቸዋለን። እኔን ደግሞ ከእጄ መጽሐፍ ስለማይጠፋ «ሊቁ» ይሉኛል፤ ሙገሳ አልነበረም።

ስምሪት የሚሰጠን ዲስፓቸር የቴክሳስ ልጅ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የረጅም ርቀት ተኩስ ይወዳደራል። ይህን ስሰማ አፌን መያዝ አልቻልኩም። ወታደር ተርቦ፣ አድፍጦ፣ ጭቃ ላይ ውሎ አድሮ የሚማረውን ሙያ እናንተ ቀዝቃዛ ሶዳ ይዛችሁ ትጫወቱበታላችሁ አልኩት። ወታደር ያለችው አንድ ጥይት ናት፤ ለእናንተ ሃያ ይቆጠርላችኋል። በሕይወቴ ጠመንጃ ይዤ አላውቅም። አስተያየት ከመስጠት ግን ይህ አግዶኝ አያውቅም።

ሰውየው አልተቀየመም። «ሃምሳ አለቃን ይዘሃቸው ና፤ ጠመንጃዬን አውሳቸዋለሁ» አለኝ።

ሃምሳ አለቃ አንድ ወር ሙሉ እምቢ አሉ። ጦሩ ከተበተነ ወዲህ ጠመንጃ ነክተው አያውቁም። አንድ ቀን ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ግን ራሳቸው አነሱት።

«ልሂድ እንዴ፣ ሊቁ?»

«ሄደው ያሳዩልኝ እንጂ እነዚህን ተጫዋቾች!»

«ለማሳየት አይደለም። ፊት ለፊቴ ያለው ወረቀት ብቻ መሆኑን ሰውነቴ ያምን እንደሆነ ልየው ብዬ ነው። ዓይኔማ ያምናል።»

በዚያው ቅዳሜ ይዣቸው ሄድኩ።

ሜዳው ከፎርት ወርዝ ወጣ ብሎ፣ ላሞች ከሚግጡበት መስክ አጠገብ ነው። ዒላማዎቹ ስድስት መቶ ያርድ ርቀው ተተክለዋል። አንድ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ዒላማው ወደ ጉድጓድ ይወርዳል፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ቀዳዳው ላይ ነጭ ምልክት ሰክተው መልሰው ያነሱታል። ተኳሹ ምልክቱን አይቶ፣ የነፋሱን ነገር ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ እንደገና ያልማል።

ሃምሳ አለቃ ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ የት እንዳረፈ ቆመን አናይም ነበር። እነዚህ በየጥይቱ እየተማሩ ነው የሚተኩሱት።»

የአንድ ወር ክርክሬ መፍረስ ጀመረ።

ተራቸው ደረሰ። ተኙ፤ ትንፋሻቸው ጠፋ። ብዙ ቆይተው ተኮሱ። ምልክቱ ሲወጣ ልክ የዒላማው ጥቁር ክብ መሀል ላይ ነበር። እኔ በደስታ ዞር ስል ሃምሳ አለቃ በቦታቸው የሉም። ባዶውን ጠመንጃ ታቅፈው በደረታቸው ወደ ኋላ ተስበው ከምትታጠፈው ወንበሬ ጀርባ አድፍጠዋል።

ተኩስ ቆመ። የሜዳው ኃላፊ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊት ናቸው። መጥተው ጎንበስ አሉና «የት ነው የሚሄዱት? አሥራ ዘጠኝ ጥይት ይቀርዎታል» አሉ።

ሃምሳ አለቃ እንግሊዝኛው ጠፋባቸው። «ንገራቸው» አሉኝ በሹክሹክታ፤ «ተኩሻለሁ እኮ፣ ታይቻለሁ፤ ቦታ መቀየር አለብኝ።»

ተረጎምኩ።

«እንዴታ፣ ታይተዋል!» አሉ ሴትዮዋ። «ይኼ ሁሉ ሰው የመጣው ሊያይ አይደል?»

ይህን መተርጎም አላስፈለገኝም። ሃምሳ አለቃ ላቡን ከግንባራቸው ጠረጉ፤ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ተመልሰውም ተኙ።

ሁለተኛውን ሲተኩሱ ትከሻቸው ለመነሳት ሲሞክር አየሁት። ያዙት። አምስተኛው ላይ ነፋሱ ወደ ግራ ወሰደባቸው፤ ስምንተኛው ከጥቁሩ ወጣ። ዲስፓቸሩ ቀስ ብሎ ደብተሩን አቀበላቸው። ጻፉ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ክርናቸውን አመቻችተው ሶዳ ጠየቁኝ። አቀዝቅዤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

በኋላ ውጤቱ ሲደመር ከአሥራ አራት ሰው አሥራ አንደኛ ወጡ። ያኔ ግን፣ ሃያኛው እንደተተኮሰ፣ ስለ ነፋሱና ስለ ውሰቱ ጠመንጃ ሰበብ መደርደር ስጀምር ሴትዮዋ ቀጣዩን ተኳሽ ጮክ ብለው ሲጠሩ ሰማሁ። ሃምሳ አለቃ ጨርሰዋል፤ ግን አገጫቸውን እጃቸው ላይ አስደግፈው እንደተኙ ናቸው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይነሱ፣ ቀጣዩ ሰው እየጠበቀ ነው» አልኳቸው።

«ቆይ አንዴ፣ ሊቁ» አሉ። «የመጨረሻዋ ምልክት ትውጣ። የት እንዳረፈች ልያት።»